የቤታችንን ደሞዝ የበላ

«ሀጂ ሙሄዲን ለከሊድ ሥራ ሰጡት» ሲባል የደሴ ሰኞ ገበያ ሙሉ «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። ደስ ያላላት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ሸፊቃ፣ የራሳቸው የሀጂ ልጅ። እኔ ሳሚያ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ሱቁ ውስጥ ከጎኗ ቆሜ ስለነበር ፊቷን በደንብ አይቼዋለሁ። ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር። ወሬውን ያመጣው ባለጫማው ጎረቤታችን «እልል በሉ እንጂ፣ ምን ያፈዛችኋል!» ብሎ ሲወጣ፣ ያጠፈችውን ብርድ ልብስ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ከዚያ ላዩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ሳሚ» አለችኝ፣ «አባቴ ገደለኝ።»

ሌላ ሰው ቢሰማት አበደች ይላል። ልጁ እኮ ወታደር ነው። ውሉ አልቆ ፈቃድ መጥቷል፤ ወይ ተመልሶ ለሌላ ዙር ይፈርማል፣ ወይ ልብሱን መልሶ ሲቪል ይሆናል። ቢመለስ ለመኮንንነት ኮርስ ሊልኩት አስበዋል። ሲቪል ቢሆንስ ምን ይበላል? ኮምቦልቻን ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞሮ ያገኘው የጥበቃ ሥራ ነው፤ እሱም በስንት ልመና። ታዲያ ሀጂ ሙሄዲንን የሚያህል ነጋዴ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ያለውን መጋዘኑን «ና ተረከበኝ፣ ኃላፊው አንተ ነህ» ሲለው፣ ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?

ምኑ እንደሚያስለቅስ የምናውቀው እኛ የቤቱ ሰዎች ነን።

ቅድመ አያታችን ከየመን መጥተው ደሴ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ አንድ ሕግ አወጡ፤ የቤታችንን ደሞዝ የበላ ልጃችን ነው። ሰው ሲቀጠር ትላልቅ ሰዎች ተቀምጠው ፋቲሃ፣ የቁርኣኑ መክፈቻ፣ ይቀራል፤ የቤቱ አባወራ እጁን አዲሱ ሰው ራስ ላይ ጭኖ «ልጄ ነህ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሴቶች አይሸሹትም፣ ቁልፍ አይደበቅበትም፣ ቢታመም ይታከማል፣ ቢሞት ከእኛ ሰው ጎን ይቀበራል። ደግ ሕግ ነው፤ ሰዉም ያመሰግነናል። ግን ልጅ ከልጅ አይጋባም። የቤታችንን ደሞዝ የበላ ሰው የቤታችንን ሴት ልጅ አይጠይቅም። ፋቲሃ ከተቀራበት በኋላ ሥራውን ቢለቅ እንኳ ወንድምነቱ አይለቅም።

የሰማሁትን አይደለም የማወራው፤ ቤቴ ያለ ነገር ነው። ከሊድ የሚተካው ጋሽ ውዱን ነው፤ ዓይኑ ደክሞ መጋዘኑን ሊለቅ ነው። ጋሽ ውዱ በወጣትነቱ እናቴን ይወዳት ነበር፣ እናቴም እሱን። ሽማግሌ ሳይልክ ርሃብ ቀደመውና ተቀጠረ። እናቴ ለአባቴ ተዳረች፤ አባቴ አላህ ይርሐመው ሞተ፤ ጋሽ ውዱ ሚስት ሳያገባ ሸበተ። እስከ ዛሬ በየዒዱ ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ዒድ ሙባረክ» ይላታል። እናቴ «አላህ ይጨምርልህ ወንድሜ» ትልና ጓዳ ትገባለች። ልጅ ሆኜ እዚያ ጓዳ ምን እንደምትፈልግ ይገርመኝ ነበር።

«ተነሺ» አልኳት ሸፊቃን፣ «ሰው ይገባል።»

«ይግባ። ይግባና ይየኝ።»

ለነገሩ እሷና ከሊድ የተዋወቁትም በብርድ ልብስ ነው። ለእናቱ ብሎ ገዛ። በማግስቱ «ቀለሙን አልወደደችውም» ብሎ መለሰው። ቀየርንለት። በሦስተኛው ቀን «አጠራት» ብሎ መጣ። «ብርድ ልብስ ለሰው ያጥራል እንዴ?» ስለው «እናቴ ረጅም ናት» አለኝ፣ ዓይኑን ከሸፊቃ ላይ ሳያነሣ። ኋላ ሴትዮዋን ሳያቸው ትከሻዬ ጋ አይደርሱም። ወደ ጦሩ ከተመለሰ ወዲያ ኔትወርክ ካለበት ተራራ ላይ እየወጣ ይደውል ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ሸፊቃ ምግብ ታቆማለች፤ ሲደውል እኔ የደበቅኩላትን ሳንቡሳ ሁሉ ትጨርስብኛለች። እንዲህ ሆነው ነው የከረሙት።

ምሳ ላይ ሀጂ ዘንድ ቀረበች። አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«አባባ፣ ለመጋዘኑ ሌላ ሰው ጠፋ?»

«አልጠፋም። ይሄኛውን ግን ወደድኩት። ወታደር አማና ያውቃል፤ አደራ አይበላም። ከበረሃ ይልቅ እኔ ጋ ይሁን፣ ልጄ ይሁን።» ውሃቸውን ጠጡና አዩዋት፤ ሁሉን እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ገባን። «የፋብሪካ ፈታይ ልጅ ሽማግሌ ሲልክብኝ አሳፍሬ ልመልሰው? ከማሳፍረው እንጀራ ብሰጠው አይሻልም? እስቲ አንቺው ፍረጂ።»

ምን ትፈርዳለች? አጎቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለን ነበር፤ ጠልተናቸው ይወጣልናል። ሸፊቃ ሳህኑን አንሥታ ወጣችና ለእኔ «እሑድ ኮምቦልቻ እንወርዳለን» አለችኝ። «እነግረዋለሁ። እምቢ ይበል። ሄዶ ይፈርም፣ መኮንን ሆኖ ይምጣና ሽማግሌ ይላክ። ያኔ አባባ ምን እንደሚሉ አያለሁ።»

«እስከዚያ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«አፍሽን ያዢ!» አለችኝ። ግን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

እሑድ ወረድን። የሀጂ ቤት ሰላምታ ነው ብለን ስኳርና ተምር ይዘን መጀመሪያ እናቱ ቤት ገባን፤ ከሊድ እስኪመጣ እዚያ እንጠብቀው ብለን ነው። እትዬ ሉባባ የሚኖሩት ከፋብሪካው ጀርባ፣ የሠራተኛው ኪራይ ቤቶች በተደረደሩበት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ሲፈትሉ የጥጡ ብናኝ ደረታቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ከሳሉ በኋላ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሰው ይጨነቃል። ሸፊቃ እንደ ጨዋ ልጅ በሩን በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ አንኳኳች። ዝም። እንደገና ቀስ አድርጋ አንኳኳች። ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። በሩ ሲከፈት ሴትዮዋ ደም የሚባል ፊታቸው ላይ የለም።

«ወይ ጌታዬ! እናንተ ናችሁ? ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ። አፉ በሉኝ፣ ደንግጬ ነው።»

ግድግዳው ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ አለ። ከሊድን ይመስላል፤ ግን ከሊድ አይደለም። ታላቁ ዑዘይር ነው። የሞተው።

«የዑዘይርን ሊነግሩኝ የመጡት ሰዎች» አሉ እትዬ ሉባባ፣ «ጨዋዎች ነበሩ። በሩን ቀስ አድርገው ነው ያንኳኩት፣ ልክ አሁን እንዳንቺ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆልኝ በሬን ይደበድባል እንጂ አያንኳኳም። ከሊድ ሲሄድ ደግሞ ይብስብኛል። ነፋስ በሩን ቢነካው ብድግ እላለሁ።» ሳል ያዛቸው፤ ጠበቅናቸው። «አሁን ግን አልሐምዱሊላህ። አባትሽ እንጀራ ሰጡልኝ። አላህ በጀነት ይክፈላቸው። ግን ልጁ ያመነታል። ከትናንት ጀምሮ እህል አይቀምስም፣ 'አስብበታለሁ' ይለኛል። ምን ይታሰባል? አንቺን እንደሚሰማ አውቃለሁ። እናት አይደለሁ እንዴ፣ ያ ብርድ ልብስ ስንቴ ሲመላለስ ዝም ያልኩት ሳላውቅ መሰለሽ?»

ሸፊቃ ልትስቅ ሞከረች። እንባዋ ቀደማት።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ሉባባ የሆኑትን የሆኑት። ከመደባቸው ወርደው የሸፊቃን ጉልበት ሊስሙ ዝቅ አሉ። እናት የምታህል ሴት፣ የልጅ ጉልበት! ሸፊቃ ጮኻ ብድግ አለችና ያዘቻቸው።

«ኧረ በአላህ! እማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይነሡ!»

«አስቀሪልኝ ልጄን። አንድ ነው የቀረኝ። በይልኝና ይውሰደው።»

ሸፊቃ አቅፋቸው ቆየች። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ተለጥፎ፣ እሷ ዓይኗ ግድግዳው ላይ፣ ፎቶው ላይ። ፊቷ ላይ የሆነውን ሳይ፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ እሷ ሳታውቀው እኔ አወቅኩት።

ከሊድን ያገኘነው ዋናው መንገድ ላይ ያለው ጭማቂ ቤት ነው። ሲቪል ለብሷል፤ ሸሚዙ ገና ከፌስታሉ የወጣ፣ እጥፋቱ ያልጠፋ። በሩን በሚያይበት ወንበር ተቀምጧል። ሸፊቃ ፊት ለፊቱ ሆነች፣ እኔ ለይሉኝታ ብዬ ከጀርባዋ ያለውን ጠረጴዛ ያዝኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉን እሰማለሁ።

«ከሳህ» አለችው።

«አንቺም።»

ሲተያዩ እኔ ነኝ ያፈርኩት፤ እንደዚያ በሚተያዩ ሰዎች መሐል ሰው አይገባም።

«አባትሽ ሥራ ሰጥተውኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«የጦር ክፍሌ መልስ ይጠብቃል። ኮርሱም ሊያመልጠኝ ነው።» ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። «ሸፊ፣ ምን ላድርግ? ልውሰደው?»

ንገሪው፣ ንገሪው አልኩ በሆዴ።

«ውሰደው» አለች።

«አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። እናትህም ያርፋሉ።»

«ስለ እናቴ አይደለም የጠየቅኩሽ። ስለ እኔና ስለ አንቺ ነው።»

«ውሰደው አልኩህ እኮ ከሊድ።»

ዓይኑ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም።

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

«የለም።»

«ወላሂ በይ።»

እጇ ከጠረጴዛው ሥር ቀሚሷን ሲጨብጥ አየሁት። ሸፊቃ በሐሰት ምላ አታውቅም፤ በሱቃችን «ወላሂ መግዣው ነው» የምትል እኔ ነኝ፣ እሷ ትቆጣኛለች።

«ወላሂ» አለች።

ከሊድ ብርጭቆውን ገፋው። ጭማቂውን አልቀመሰውም ነበር። «እሺ» አለ፤ «አንቺ ካልሽ እሺ።» ከዚያ ሒሳቡን ከፍሎ ተነሣ፣ እኔን «ሳሚያ፣ በሰላም ግቡ» አለኝ፣ እሷን ምንም አላላትም።

ሚኒባሱ ውስጥ አላስቻለኝም። «ምን ሆነሻል? ልትነግሪው አይደል የመጣነው? ፋቲሃው ሲቀራ ሲያውቅ ምን ሊልሽ ነው?»

«ለዚያች ሴት በር ቀስ ብሎ የሚያንኳኳ ሰው አልልክባትም» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ ወንድም የለኝም አይደል? ወንድም አገኛለሁ።»

«ይጠላሻል እኮ!»

«ይጥላኝ። በሕይወት ኖሮ ይጥላኝ፣ ሳሚ። ቆሞ ሲሄድ እያየሁት ይጥላኝ።»

ከዚያ የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ፣ ጉሙ መስኮቱን እስኪሸፍነው ድረስ አለቀሰች። አጠገባችን ያሉት እናት ሰው የሞተባት መስሏቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ሰብር አድርጊ» እያሉ ጀርባዋን ደባበሷት። «ማን ነው የሞተባችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ዘመድ» አልኳቸው። ደሴ ከመግባታችን በፊት ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።

ፋቲሃው የተቀራው ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው። ትላልቆቹ ሳሎኑን ሞልተውታል። እትዬ ሉባባ አዲስ ሻሽ አድርገው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል፣ በየደቂቃው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ የደስታ። ጋሽ ውዱ የመጋዘኑን ቁልፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀርቅሯል። እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ጋ ናት። ከሊድ መሐል ላይ ተንበርክኳል።

ሀጂ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ። ቤቴ ቤትህ ነው። ልጆቼ እህቶችህ ናቸው፤ ክብራቸው ክብርህ ነው።»

«አሚን!» አለ ሳሎኑ በሙሉ።

ከሊድ አሚን አላለም። አሁን ገባው አልኩ፤ አሁን ይነሣል፣ አሁን ይጮኻል። ሸፊቃ ከጎኔ ቆማ ለእጅ መታጠቢያው የተዘጋጀውን ፎጣ አንቃ ይዛለች። ሀጂ እጃቸውን ሳያነሡ ጠበቁት፤ ሽማግሌዎቹ መተያየት ጀመሩ። እትዬ ሉባባ «በል እንጂ ልጄ» አሉ በቀስታ።

ከሊድ ቀና ብሎ ወደ ሸፊቃ አየ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«አሚን» አለ።

ምግብ ሊቀርብ ነው። በእኛ ቤት ታላቅ ቀድሞ፣ ታናሽ መጨረሻ ነው የሚታጠበው። እኔ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ፣ ሸፊቃ ፎጣ ይዘን ዞርን። ከሊድ በሩ ጋ ሄዶ ተቀምጦ ስለነበር እሱ ጋ ስንደርስ ሁሉም ወሬ ጀምሮ፣ የሚያየን ሰው አልነበረም።

እጁን ዘረጋ። ማፍሰስ ስጀምር፣ ቀና ሳይል «ጋሽ ውዱ ነግሮኝ ነበር» አለ።

«ምኑን?» አለች ሸፊቃ።

«ሕጋችሁን። መጋዘኑን ላየው የሄድኩ ለት፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። 'የእኔን ዕድሜ እንዳትደግመው' ብሎኝ አለቀሰ።»

ማንቆርቆሪያው ሊወድቅብኝ ነበር።

«እያወቅክ ነው የጠየቅከኝ?»

«እያወቅኩ ነው። 'አትውሰደው' እንድትይኝ ነው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብትይኝ በማግስቱ ሄጄ እፈርም ነበር። ትጠብቀኛለች ብዬ የትም እገባ ነበር። አንቺ ግን ወላሂ አልሽኝ።»

«ከሊድ...» አለች። «እንድትኖርልኝ ነው እኮ! እናትህ ጉልበቴን ሊስሙ ሲወርዱ አይቼ፣ ፎቶውን አይቼ... እኔ አንተን ጠልቼ? እኔ?»

አሁን ቀና አለ። የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም አያሳየኝ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለ። «አሚን ካልኩ በኋላ?»

«ለምን አልክ ታዲያ!»

«የምሄድለት ሰው ሲጠፋኝ ነዋ። አንቺ ካልፈለግሽኝ ማዕረጉ ለማን ነው? እንግዲያስ ለእናቴ እንኳ ልኑርላት ብዬ ነው ያልኩት።»

ውሃው ካለቀ ቆይቷል። እኔ ባዶ ማንቆርቆሪያ አዘንብዬ ቆሜያለሁ፣ እሱ በባዶው እጁን ያሻል፣ እሷ ፎጣውን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ሸፊቃ!» አሉ ሀጂ ከወዲያ ማዶ፣ በዚያ ከፍ በማይለው ድምፃቸው። «ምን ቆመሻል ልጄ? ለወንድምሽ ፎጣ አቀብዪው እንጂ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። እትዬ ሉባባ ፈገግ ብለው ያዩናል፤ ዓመታት ከላያቸው ወርደው፣ ልጃቸው ቤት ያገኘላቸው እናት ሆነው። ሸፊቃ እሳቸውን አየች። ከዚያ ፎጣውን ዘረጋችለት። እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እሷ ሌላውን አልለቀቀችም፤ ለትንሽ ጊዜ በፎጣው ተያያዙ።

«እንካ» አለችው። አባቷ እያዩዋት ነው። «እንካ፣ ወንድሜ።»

ለቀቀችው።

ጋሽ ውዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ የያዘችውን ሳህን መሬት አስቀምጣ ጓዳ ገባች።